ከናሙናው ውጭ

ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ ባልዲዋን አንጠልጥላ በጓሮ በኩል ባለው ደረጃ ስትወጣ፣ በሁለተኛውና በሦስተኛው ፎቅ መካከል ባለው መታጠፊያ ላይ እህቴን አገኘቻት። ተኝታ መስሏት "እዚህ ይተኛል እንዴ?" አለቻት። ይህን ለኢንስፔክተሩ ስትነግረው አጠገቧ ቆሜ ነበር። ደጋግማ ያስለቀሳት ደሙ አልነበረም፤ "ይተኛል እንዴ" ማለቷ ነበር።

እህቴን ሁላችንም እታለም እንላት ነበር። ሥራዋ ከቤት ቤት እየዞረች ሰው ከሬዲዮ ምን እንደሚሰማ መሰብሰብ ነው። አርባ ቤት ነበራት፤ ናሙና ይሏቸዋል። ለየቤቱ አንድ ሰማያዊ ደብተር ትሰጣለች፤ ሰዎቹ ከሰኞ እስከ እሁድ የሰሙትን ፕሮግራም፣ በመሃሉ የሰሙትን ማስታወቂያ፣ ከፈለጉም አስተያየታቸውን ይጽፉበታል። ሰኞ ዞራ ትሰበስብና በአዲስ ትተካላቸዋለች። ደብተሩ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለው የጥናት ድርጅት ገብቶ ቁጥር ይሆናል። ቁጥሩ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የማስታወቂያ ድርጅት ይወርዳል፤ እዚያ ያለው ዕቅድ አውጪ ማስታወቂያው በየትኛው ጣቢያ፣ በስንት ሰዓት እንደሚነገር በዚያ ቁጥር ይወስናል። እታለም ሥራዋን ስትጠየቅ "ጆሮ ቆጣሪ ነኝ" ትል ነበር።

ኢንስፔክተሩ ቀጭን፣ ግራ ጉልበቱን የሚያመው ሰው ነው። ደረጃውን አንድ በአንድ፣ ግድግዳውን እየያዘ ወጣ። እህቴ አጠገብ ሲደርስ በጭንቅ ተንበረከከና የቀኝ እጇን ለረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ በሁለት ጣቱ አንድ ትንሽ ነገር አንስቶ በፖስታ ውስጥ ከተተ። ምን እንደሆነ አላየሁም።

"አንቺ ምኗ ነሽ?"

"ታናሽ እህቷ ነኝ።"

"ሥራሽ?"

"ልብስ ሰፊ።"

"ትናንት ከሰዓት የት ነበርሽ?"

እህቴ እግሬ ሥር ተኝታ የት ነበርሽ እባላለሁ። "ቤት። ከአባባ ጋር፣ እየሰፋሁ።"

"ማን አየሽ?"

"አባባ ነዋ።"

"ከቤተሰብ ውጭስ?"

"ማንም።"

"የቤተሰብ ምስክር እኔ ዘንድ ግማሽ ነው" አለ፤ ቁጣ የለበትም፣ እንዲያው የዕቃ ዋጋ እንደሚናገር ሰው። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞረ።

ዘበኛው ሸበቶ ናቸው። ሬዲዮናቸውን በገመድ አስረው አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ።

"ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገባች" አሉ። "'ጋሼ፣ ያቺ እንጀራ እናት ዛሬ ደግሞ ምን ልትሠራ ነው?' አለችኝ። የእሁዱን ድራማ ማለቷ ነው። አረንጓዴ ፎልደር በብብቷ ይዛለች።"

"ሌላ ማን ገባ?"

"በኔ በር ማንም። የጓሮው ቁልፍ ያላቸው ግን ራሳቸው ከፍተው ይገባሉ፣ እኔ አላያቸውም።"

"ቁልፉ ማን ማን ጋ ነው?"

"እሷ ጋ ነበር፣ ነፍሷን ይማር። ሥራ አስኪያጇ አላት። ከሦስተኛ ፎቅ ደግሞ ፐርሰንት።"

"ፐርሰንት ደግሞ ማነው?"

"ዕቅድ አውጪው ነዋ። ደህና አደርክ ስትለው ሰማንያ ፐርሰንት ደህና ነኝ የሚል ሰውዬ ነው።"

"የሰሙት ነገር የለም?"

ሰውየው ጫማቸውን አዩ። "ሰምቻለሁ። ድም ያለ ነገር። ያኔ እንጀራ እናቲቱ ደብዳቤውን ከፍራሹ ሥር ስታወጣ ነበር። ቀለም ቀቢዎቹ ደረጃው ላይ የተዉት ቆርቆሮ የወደቀ መሰለኝ።"

"ሄደው አላዩም?"

"መሃል ላይ ሲያርፍ ልሄድ ብዬ ነበር። ሁልጊዜ ሲያርፍ ነው ተነስቼ ውሃዬን የምቀዳው፣ በሮቹን የማየው። ያን ዕለት እንዳፈጠጥኩ ቀረሁ። ሲያልቅ ጓሮው ጭር ብሏል። ተውኩት።"

ኢንስፔክተሩ ምንም አይጽፍም። ራሱን ብቻ ነቀነቀ። ድራማው ከአስር እስከ አስራ አንድ ሰዓት ነው፤ የሰሙት ሁሉ ደብዳቤው የተገኘው አስር ተኩል ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው አሉ። ስለዚህ እህቴ የወደቀችበትን ሰዓት ያወቅነው ከሬዲዮ ነው።

---

ማንን ነው የምትጠረጥሪው ብባል መልሴ ባሏ ነበር። ሹፌር ነው። ቅዳሜ ማታ ሲጨቃጨቁ ጎረቤታቸው ሰምቷል። ሰኞ ከሰዓት እኛ ቤት ለቅሶ ተቀምጦ ሳለ ኢንስፔክተሩ መጥቶ አነጋገረው።

"እሁድ?"

"ተኝቼ ነበር።"

"ቀኑን ሙሉ?"

"ደክሞኝ ነበራ።"

"የሕንጻው ፊት ለፊት ያለችው ጫማ ሻጭ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከነጭ ፒክአፕ ስትወርድ አይቻታለሁ አለች። አንተ የምትነዳው ምን ዓይነት መኪና ነው?"

አማቼ አንገቱን ደፋ። አባባ ጥግ ላይ ካለው ወንበሩ ቀና ብሎ አየው። እኔም አየሁት። ያን ቀን ባየሁት ዓይን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።

ኢንስፔክተሩ ይዞት ሄደ። አባባ በሩ ከተዘጋ በኋላ "ሚጢ፣ ጥቁር ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ወሰዱት" አለኝ።

በማግስቱ ተፈታ። መኪናዋ የመሥሪያ ቤቱ ናት፤ እሁድ መንዳት ክልክል ነው፤ ሚስቱን አድርሶ ጭቃዋን ሊያሳጥብ ሄዶ ነበር። አጣቢው ከዘጠኝ ተኩል እስከ አስራ አንድ ሲያስፈገፍገኝ ዋለ፣ ጎማ ለጎማ አስደገመኝ ብሎ መሰከረ። ሥራዬን አጣለሁ ብሎ ነው የዋሸው። ቅዳሜ የተጨቃጨቁትም በዚችው መኪና ነው።

---

ማክሰኞ ጠዋት የእታለምን ዕቃ ልወስድ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ዣንጥላዋ፣ የዝናብ ጫማዋ፣ ደብተሮቹን የምታስርበት የላስቲክ ቀለበት በጣሳ። ኢንስፔክተሩ ቀድሞኛል። ሥራ አስኪያጇ ከጠረጴዛዋ ኋላ ቆማ መነጽሯን ታወልቃለች፣ ታደርጋለች።

"ልነግራችሁ አልፈለግኩም" አለች። "ትናንት ከሰዓት ፋይል ስፈልግ መሳቢያዋን ከፈትኩ። ይኸው።"

አረንጓዴው ፎልደር ነበር። በውስጡ አሥራ ሁለት የተሞሉ ደብተሮች አሉ፤ ከሥሩ ገና ያልተጻፈባቸው ብዙ። አሥራ ሁለቱ "አዲሱ ሰፈር" ይላሉ።

"ሰው ልኬ አድራሻዎቹን አሳየሁ" አለች ሥራ አስኪያጇ። "ግማሾቹ ቤት የላቸውም፤ ባዶ መሬት ነው። ደብተሮቹን እዚህ ተቀምጣ ነው የምትሞላቸው። ለአራት ወር! እንደ እህቴ ነበር የማምናት። የታወቀባት ጊዜ... እንግዲህ ምን ልበል።"

"ራሷን ጣለች ነው የሚሉት?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"እኔ አላልኩም።"

አላለችም፤ ግን ከሰዓት በኋላ ሕንጻው ሁሉ አለ። አመሻሽ ላይ ሰፈራችን ደርሶ ነበር። አባባ አርባ ዓመት ፖስታ ቤት ደብዳቤ ሲለይ የኖረ ሰው ነው፤ የሰው ፖስታ አንድም ቀን አልከፈተም። በዚያን ዕለት አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፦ "ልጄ የሰው ቃል ፈጥራ ጽፋለች?"

"አልጻፈችም" አልኩት።

"ታውቂያለሽ ወይስ እህትሽ ስለሆነች ነው?"

ከሞቷ በላይ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠው ይህ ጥያቄ ነበር።

ያን ቀን ጠዋት ከሥራ አስኪያጇ ክፍል ስንወጣ ኢንስፔክተሩ ኮሪደሩ ላይ አቆመኝና ከኪሱ ፖስታውን አወጣ። በውስጡ የጥፍር ያህል የተቀደደ አረንጓዴ ካርቶን ነበር።

"ከጣቷ መሃል ያነሳሁት ነው። የፎልደሩ አንድ ጥግ ተቀዷል፤ ገጥሞለታል። ጥጉ ደረጃ ላይ፣ ፎልደሩ መሳቢያ ውስጥ። መቼም ከወደቀች በኋላ ወጥታ አስቀምጣው አልተመለሰችም። አንድ ሰው ነጥቋት ነው፤ ያው ሰው ሰኞ ግርግሩ መሃል መለሰው። ይህን ካንቺና ከኔ ሌላ ማንም አያውቅም፣ እንዳትናገሪ።"

"ለምን ለኔ ነገሩኝ?"

"ደብተሩን ማንበብ ስለማልችል። ውሸቱ የሷ ከሆነ፣ የምፈልገው ሰው የድርጅቱ ስም እንዳይጠፋ የፈራ ነው፤ አራተኛ ፎቅ ነው ያለው። የሷ ካልሆነ ግን የጻፈው ሌላ ነው፤ እሱን ሌላ ቦታ ነው የምፈልገው። እህትሽ ስለ ሥራዋ ታወራሽ ነበር?"

ታወራኝ ነበር። እኔ ልብስ እየሰፋሁ በግማሽ ጆሮ ነው የምሰማት። ከሳምንት በፊት "ሚጢ፣ አርባ አስገብቼ ሃምሳ ሁለት ይሆንብኛል" ብላኝ ስቄ ነበር። ደብተሩን ሰኞ ማታ በካርቶን አድርጋ የድርጅቱ በር ላይ ትተወዋለች፤ ማክሰኞ ጠዋት ይቆጠራል። "ይዋለዳሉ እንዴ?" አልኳት። አልሳቀችም።

ይህን ነገርኩትና በእጁ የያዘውን ፎልደር ከፍቼ አሥራ ሁለቱን ደብተሮች አገላበጥኩ። ሁሉም በምልክት ብቻ የተሞሉ ናቸው፤ ምልክት ደግሞ የእጅ ጽሑፍ የለውም። ግን የሆነ ነገር ሸከከኝ። እታለም የምታመጣቸውን ደብተሮች ቤት ስትደረድር አይቻለሁ፦ ዘይት የነካቸው፣ የተሰረዙ፣ "ሕፃኑ አልቅሶ አልሰማሁም" የተባለባቸው። እነዚህ ላይ አንድ ስርዝ የለም። እሁድ አስር ሰዓት ተኩል ላይ አሥራ ሁለቱም የሳሙናውን ማስታወቂያ ሰምተዋል። አንድም ሰው አላመለጠውም።

"እንዲህ ያለ ልብስ አይቼ አላውቅም" አልኩት። "ሰው ለብሶት የማያውቅ ነው።"

---

ሥራ አስኪያጇን ኢንስፔክተሩ በዚያው ቀን ከዝርዝሩ አወጣት። እሁድ የእህቷ ልጅ ሠርግ ላይ ነበረች፤ ከዘጠኝ እስከ አስራ ሁለት ሰዓት በተነሳው ፎቶ ሁሉ ውስጥ አለች፣ አንዱ ላይ ጫማዋን አውልቃ ስትጨፍር። ቁልፍ ካላቸው ሰዎች የቀረው ፐርሰንት ብቻ ነው።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ነው። ግድግዳው ሙሉ ባለ ቀለም ሰንጠረዥ ተለጥፎበታል፦ ወደ ታች ጣቢያዎቹ፣ ወደ ጎን ቀናቱና ሰዓቱ። እሁድ አስር ተኩል ላይ ያለችው ሳጥን በቀይ ተቀብታለች። እሱ አርባ ዓመት ያልሞላው፣ ሸሚዙ እንደ ወረቀት የተተኮሰ ሰው ነው። እኔን ሲያይ ተነሳና እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ እህቴ። ቁጥር እንደሷ የምታከብር ሰው አላውቅም። ሰሞኑን የሚወራውን አልሰማም፣ አንቺም አትስሚ።"

እጁ ደረቅ፣ ሞቃት ነው። ክፉ ነገር አላየሁበትም።

"እሁድ ከአስር እስከ አስራ አንድ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ቤቴ። ድራማውን እየሰማሁ።"

"ድራማ ይወዳሉ?"

"መውደድ ሳይሆን ሥራዬ ነው። ማስታወቂያችን እዚያ ውስጥ ነው የሚነገረው።"

"ብቻዎን?"

"ዘጠና ፐርሰንት። ድመት አለችኝ።"

"ምን ሰሙ?"

ፈገግ አለ። "እንጀራ እናቷ ደብዳቤውን ከፍራሹ ሥር አወጣች። ልክ ልትከፍተው ስትል፣ አስር ተኩል ላይ፣ የሳሙናችን ማስታወቂያ ገባ። ያች ሴትዮ የምትዘፍንበት፣ ሠላሳ ሰከንዱ። ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ምን ይላል እያለ ነው። በደስታ ድመቷን ሳምኳት።"

ኢንስፔክተሩ እዚያው ሆኖ ለሬዲዮ ጣቢያው ደወለ። የስርጭት መዝገቡን አስነበበ፦ እሁድ፣ አስር ሰዓት ተኩል፣ የሳሙና ማስታወቂያ፣ ሠላሳ ሰከንድ፣ ተላልፏል፣ ፊርማ አለው።

ደረጃው ላይ "ድራማውን ሰኞ ጠዋት ከማንም ሊሰማው ይችላል" አልኩት።

"ድራማውን አዎ። ማስታወቂያን ግን ማን ለማን ያወራል? ድራማ የሚተርክልሽ ሰው 'ከዚያ ሳሙና መጣ' አይልሽም። ተላልፏል፣ እሱም ሰምቶታል። ይህ ያስቸግረኛል።"

ጉልበቱን ይዞ ወረደ። ሰውየው ንጹሕ ነው ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። እንግዲያ ማን ቀረ? ሁላችንም ቀረን። ወደ ቤት ስሄድ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ዓይን ዓይኑን አይ ነበር። ዘበኛው ራሳቸውስ? ለምን ሄደው አላዩም? የጽዳት ሠራተኛዋስ?

---

ረቡዕ ጠዋት አባባ ሰማያዊ ደብተሩን ይዞ ወደ ስፌት መኪናዬ መጣ።

አባባ ከናሙናው ውጭ ነው። የሠራተኛ ቤተሰብ አይቆጠርም፣ ሕጉ ነው። ግን ጡረታ ከወጣ ጀምሮ "እኔንስ ማን ይጠይቀኛል?" እያለ ሲያስቸግራት እታለም ከተበላሹት ደብተሮች ታመጣለት ጀመር። በየሳምንቱ እንደ ሌላው ሰው ሞልቶ ያስረክባታል፤ እሷም መጨረሻው ገጽ ላይ፣ የሰብሳቢ ፊርማ ከሚለው አጠገብ፣ ወፍ የምትመስል ፊርማዋን አሳርፋ በላስቲክ ታስረዋለች። የትም እንደማይሄድ ሁለቱም ያውቃሉ። አልጋዋ ሥር በሻንጣ አስቀምጣቸዋለች።

"ሰኞ አልፏል" አለ አባባ። "የሚረከበኝ የለም። አንቺ ያዥው።"

እንዲሁ ላስቀምጠው ስል የመጨረሻውን ቀን አየሁት። በዚያ ቀጥ ባለ የፖስታ ቤት ጽሕፈቱ፦

"እሁድ። ከ10፡00 እስከ 11፡00 ድራማ። ማስታወቂያ፦ የለም። አስተያየት፦ ዛሬ ያለ ማቋረጥ አለቀ። ያቺ የሳሙና ዘፋኝ አልመጣችም፣ ተመስገን።"

ሁለት ጊዜ አነበብኩት። "አባባ፣ እርግጠኛ ነህ?"

"ምኑን?"

"ማስታወቂያ አለመኖሩን።"

"እሷ ስትመጣ ድምፁን የምቀንሰው ማነው?" አለ። "እሁድ እጄን ቁልፉ ላይ አድርጌ ስጠብቅ ድራማው አለቀ።"

የሰፋሁትን ቀሚስ መርፌው ሥር ትቼ ሮጥኩ።

ኢንስፔክተሩ ደብተሩን ራቅ አድርጎ አነበበ። መለሰልኝ።

"አባቷ ናቸው።"

"ውሸታም ነው እያሉኝ ነው?"

"አባቷ ናቸው ነው ያልኩት። በዚህኛው በኩል ማኅተም ያለው የጣቢያ መዝገብ አለ፤ በዚያኛው በኩል ልጃቸው የሞተችባቸው አባት። አንቺ ብትሆኚ የትኛውን ትቀበያለሽ?"

እንባዬ መጣ፤ ከንዴት ነው። "ግማሽ ነዋ! ግማሽ ይሁን። አርባ ቤት ደግሞ ሌላ አለ።"

"የትኛው አርባ ቤት?"

"የእሷ! ደብተሩ የሚሰበሰበው ሰኞ ነው። ሰኞ እሷ የለችም። ማንም አልሰበሰበም። የዚያ እሁድ ደብተር ሁሉ አሁንም ሰው ቤት ነው ያለው።"

ደብተሩን ከእጄ መልሶ ወሰደ። ከዚያ ጉልበቱን ረስቶ ተነሳ።

---

ሐሙስ ቀኑን ሙሉ የእህቴን መንገድ ሄድን። አድራሻዎቹ በኪስ ማስታወሻዋ ውስጥ ነበሩ፤ ከየአድራሻው ጎን ለራሷ የጻፈችው አለ፦ "ደወሉ አይሠራም፣ መስኮት አንኳኪ"፣ "ውሻው አይነክስም፣ ይጮሃል እንጂ"፣ "አሮጊቷ ጆሯቸው ከበድ ይላል፣ አትቸኩይ"።

የመጀመሪያዋ ሴት መንታ ልጆቿን በሁለት እጇ ይዛ በሩን በትከሻዋ ከፈተች። "ለእሷ ነው የምሰጠው" አለች። "ሰኞ ስጠብቃት ዋልኩ፣ ምን ነካት?" ነገርናት። በሩ ሥር ቁጭ አለች። ደብተሩን ስታመጣ በክሬም ብስኩት ተለቅልቆ ነበር። እሁድ፦ "ድራማ። ማስታወቂያ የለም።"

አሮጊቷ "ማስታወቂያ ሲመጣ ነው የምጸልየው፣ እሁድ ሳልጸልይ ቀረሁ" አሉን፤ እንደዚያው ጽፈውታል። ሁለት ሴት ተማሪዎች የማስታወቂያውን ቦታ ባዶ ትተው አበባ ስለውበታል። አንድ ሰውዬ እሁድ አክስቱ ጋ ነበርኩ፣ አልሰማሁም ብሎ ይቅርታ ጠየቀን፤ ያንንም ጽፎታል።

ፀጉር አስተካካዩ ደብተሩን ከመስተዋቱ ጎን በምስማር ሰቅሎታል። ኢንስፔክተሩ ጮክ ብሎ አነበበው፦ "ደንበኛ ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ ቆየ። ማስታወቂያ ሲመጣ እጨርስልሃለሁ ብዬው አልመጣ አለ። ተቆጥቶ ሄዷል።"

"ግማሹን እንደያዘ?" አለ ኢንስፔክተሩ።

"ግማሹን እንደያዘ። ምን ላድርግ ጌታዬ፣ ደብዳቤው እየተነበበ እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ጉሮሮውን ልቁረጠው?"

ኢንስፔክተሩ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። ሳቁ መሃል ላይ ቆመ። "ዘበኛው" አለ። "'ሲያርፍ ልሄድ ብዬ ነበር' አሉኮ። እኔ ደግሞ ልባቸው ተሰቅሎ ነው ብዬ አለፍኩት። ድራማው አላረፈማ!"

ከአርባው ቤት ሠላሳ አንዱ ድራማውን ሰምተዋል። ከሠላሳ አንዱ አንድ ሰው እንኳ ሳሙና አልሰማም።

ማታውኑ የጣቢያው ቴክኒሻን ተጠየቀ፤ ብዙ አላስቸገረም። እሁድ ብቻውን ነበር፣ ማስታወቂያ ያለበት ኮምፒውተር አልከፍት ብሎት ድራማውን ዝም ብሎ ለቀቀው። መዝገቡ ከዕቅዱ ላይ ተገልብጦ፣ ጠዋት ተሞልቶ ነው የሚመጣው። እንደ ሁልጊዜው ፈረመበት።

---

ዓርብ ዕለት የሆነውን አላየሁም፤ ኢንስፔክተሩ በኋላ ቤታችን ተቀምጦ ለአባባ እንደነገረው ነው የምጽፈው።

ፐርሰንትን አስጠርቶ ስለ እሁድ እንደገና አስነገረው። ፍራሹ፣ ደብዳቤው፣ ሳሙናው፣ ድመቷ። አንድ ቃል አልጎደለም።

"ማስታወቂያውን ራስዎ ሰምተዋል?"

"በሁለቱም ጆሮዬ።"

"አልተላለፈም።"

"ተላልፏል። የጣቢያው መዝገብ አለ።"

"የጣቢያው መዝገብ ከእርስዎ ዕቅድ የተገለበጠ ነው።"

"ዕቅዱ ላይ አለኮ" አለ ፐርሰንት። ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀይ ሳጥን የሚያሳይ ይመስል ጣቱን ወደ ባዶ ግድግዳ ዘረጋ። "አስር ተኩል። እኔው ነኝ ያስያዝኩት።"

ኢንስፔክተሩ ሠላሳ አንዱን ደብተር አንድ በአንድ ጠረጴዛው ላይ ደረደረ፤ ብስኩት ያለበትን፣ አበባ ያለበትን፣ ግማሽ ጢም ያለበትን። "እነዚህ አድማጮችዎ ናቸው" አለው። "ሁልጊዜ ምን ሰሙ ይሉ አልነበር? ይጠይቋቸው።"

ሰውየው አንዱን ከፈተ፣ ሌላውን ከፈተ። ስምንት ያህል ካየ በኋላ መክፈቱን ተወ። ኢንስፔክተሩ ያን ጊዜ ፖስታውን አውጥቶ አረንጓዴዋን ጥግ ከደብተሮቹ መሃል አስቀመጠ።

የሳሙናው ፋብሪካ አዲሱ ሰፈር ይሰማናል ወይ ብሎ ሲጠይቀው ይሰማል ብሎ ነበር። የሚያሳየው ቁጥር አልነበረውም። በየሳምንቱ አሥራ ሁለት ደብተር ጠረጴዛው ላይ ሞልቶ፣ ሰኞ ማታ እታለም በር ላይ የምትተወው ካርቶን ውስጥ ይጨምር ጀመር። የሞላው ከራሱ ዕቅድ እያየ ነው፤ ለዚህ ነው አንድም ሰው ማስታወቂያ ያላመለጠው። እህቴ አድራሻዎቹን በእግሯ ሄዳ አየች። ከዚያ ግን ለሥራ አስኪያጇ አልነገረችም። የሳሙናው ማስታወቂያ የማን እንደሆነ ስለምታውቅ ለእሱ ነው የነገረችው፤ "ሰኞ ራስህ ንገራት፣ እኔ አላሳጣህም" አለችው። እሁድ ፎልደሩን ላሳይህ ብላ የመጣችው ለዚህ ነው። ደረጃው ላይ ነጠቃት፤ አለቀቀችም፤ ጥጉ ተቀደደ፤ እሷም ወደቀች። ሰኞ ግርግሩ መሃል ፎልደሩን ከተረፉት ባዶ ደብተሮች ጋር መሳቢያዋ ውስጥ ከተተው።

"ስትወድቅ ትተነፍስ ነበር?" ብሎ ጠየቀው ኢንስፔክተሩ።

"አልወረድኩም" አለ። "አላየሁም።"

አባባ ይህን ሁሉ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰማ። ሲያልቅ "አልጻፈችም ማለት ነው" አለ።

"አንድም ፊደል። አሥራ ሁለቱ ላይ ፊርማዋ የለም። የሷ ደብተር ፊርማ እንዳለው እንኳ አላወቀም፤ መጨረሻው ገጽ ድረስ ገልጦ አያውቅም።"

ኢንስፔክተሩ ለመሄድ ሲነሳ ቦርሳውን ከፍቶ የመዝገቡን ዝርዝር አሳየን። የደብተሮቹ ቁጥር ሠላሳ ሁለት ይላል።

"ሠላሳ አንድ አልነበረም?" አልኩት።

"የአባትሽ አለ። ግማሽ ብዬሽ ነበር፤ አንድ ብዬ ነው የጻፍኩት።"

አባባ ወረቀቱን ተቀብሎ መነጽሩን ፈለገ። ረጅም ጊዜ አየው። "እንግዲህ ናሙናው ውስጥ ገባሁ" አለ። "እሷ ሳትኖር።"

---

ሥራ አስኪያጇ በማግስቱ መጥታ ጎረቤት በተሰበሰበበት ቆመች። መነጽሯን አውልቃ "የሷ አርባ ቤት ቁጥር ሁሉ ትክክል ነው" አለች። ሌላ አልጨመረችም። አባባ ወንበር አስመጣላት።

እሁድ ዘበኛው መጡ። ተረኛ አልነበሩም። ሬዲዮናቸው አንገታቸው ላይ ነው፤ ከፍተውት አልነበረም። ተቀመጡና "ያ ማስታወቂያ ቢመጣ ኖሮ እነሳ ነበር" አሉ። "ጓሮውን አይ ነበር።"

አስር ሰዓት ሲሆን አባባ የእኛን ሬዲዮ ከፈተና ወደ እሳቸው አዞረው። ሦስታችን ሰማን። አስር ተኩል ላይ ሴትዮዋ ስለ ሳሙናዋ መዝፈን ጀመረች፤ ጣቢያው አልሰማ ይሆን፣ ወይ ዕቅዱን የሚያወጣ ሌላ ሰው ተተክቶ ይሆን፣ አላውቅም። ዘበኛው ከመቀመጫቸው ተነሱ። ልማድ ሆኖባቸው ነው። የሚያዩት በር አልነበረም፤ የእኛን በር ከፍተው ደረጃውን ቁልቁል አዩና ተመልሰው ቁጭ አሉ።

አባባ ድምፁን አልቀነሰም። እስኪያልቅ ሰማውና በደብተሩ ላይ ጻፈ፦ "10፡30። ሳሙና።" አስተያየት የሚለውን ባዶ ተወው። ከዚያ መጨረሻውን ገጽ ገልጦ እስክሪብቶውን ሰጠኝ።

"ገና ሰኞ አልደረሰም፣ አባባ።"

"ሰኞን ማን ያምናል" አለ። "ፈርሚ።"

ፈረምኩ። ከጣሳው አንድ ላስቲክ አውጥቼ አሰርኩት።